ሰባት ኪሎ፦ የአንዲት ቦርሳ የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 8 ቀን 2017

ሻንጣዬን ይዤ ሰፈራችን ወዳለው ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ጤፍ ሊያስፈጩ የተሰለፉት እናቶች ተራ ለቀቁልኝና ሚዛኑ ላይ አወጣሁት። አሥራ ሰባት ኪሎ። ለሦስት ቀን ሥራ፣ ለአንዲት ሴት፣ አሥራ ሰባት ኪሎ።

ይህን ማስታወሻ የጀመርኩበት ምክንያት ይመዝገብ። ሥራዬ የሆስፒታል ላቦራቶሪ መሣሪያዎችን መጠገንና መፈተሽ ነው። በወር ሦስት አራት ጊዜ ከአዲስ አበባ እበራለሁ፤ ሰመራ፣ ጂማ፣ ጋምቤላ፣ ጅግጅጋ፣ አሶሳ። ባለፈው ሳምንት ኤርፖርት የደረስኩት ዘግይቼ ስለነበር እኔ ስገባ ሻንጣዬ ለቀጣዩ በረራ ቀረ። መፍቻው፣ ካቻቢቴው፣ ፒንሳው ሁሉ እሱ ውስጥ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እስኪደርስልኝ ድረስ የደም ኬሚስትሪ መመርመሪያው ማሽን ክዳኑ ሳይከፈት ዋለ፣ አደረ። የኩላሊት ምርመራ የታዘዘላቸው ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ሲጠብቁ አየሁ። ልጇን አዝላ ከገጠር የመጣች አንዲት እናት "ነገ ተመለሺ" ተባለች። ሁለት እጄን ይዤ ቆሜ ነበር። ያ ቀን ከልቤ አልወጣም።

ስለዚህ የማደርገው ይህ ነው፦ ከእጄ የማትለይ አንዲት ቦርሳ አዘጋጃለሁ። ከነዕቃዋ ከ7 ኪሎ አትበልጥም፤ ቁመቷ ከ55፣ ወርዷ ከ40፣ ውፍረቷ ከ23 ሴንቲሜትር አያልፍም። እኔ በምበርባቸው መስመሮች የኢኮኖሚ ተሳፋሪ ይዞ እንዲገባ የሚፈቀድለት ይህ ነው። ለቆላም ለደጋም የምትበቃ መሆን አለባት።

ሰኔ 10

ከጎረቤት የወጥ ቤት ሚዛን ተዋስኩና ዕቃውን አንድ በአንድ መዘንኩት። ባዶ ሻንጣው ብቻውን 3 ኪሎ ከ200 ግራም ነው። ጎማው፣ የሚሳበው ብረት እጀታ፣ ጠንካራው ልባስ። አንድም ልብስ ሳይገባ ከሰባቱ ኪሎ ግማሹ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። እስከ ዛሬ ልብስ ስቀንስ የኖርኩት በከንቱ ነበር ማለት ነው።

የቀረው እንዲህ ነው። የእጅ መሣሪያዎቹ 2.3፤ ላፕቶፑ ከነቻርጀሮቹና ገመዶቹ 2.1፤ ሁለት ጂንስ ሱሪ 1.5፤ እናቴ "ብርድ አይምታሽ" ብላ የምትከትልኝ ጋቢ 1.5፤ የታተሙ የማሽን መመሪያዎች 1.3፤ ሁለተኛ ጫማ 1.1፤ አራት ሸሚዝ 1፤ ሳሙናና ቅባቱ 900 ግራም፤ ሹራብና ፎጣ እያንዳንዳቸው 600፤ የውስጥ ልብስና ካልሲ 500፤ መልቲሜትሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) 400። ድምሩ ወፍጮ ቤት ካየሁት ጋር ገጠመ።

ከሁሉ ያሳዘነኝ መመሪያው ነው። ያ ሁሉ ወረቀት ላፕቶፑ ውስጥ አለ። መብራት ቢጠፋስ፣ ላፕቶፑ ቢበላሽስ እያልኩ ለአራት ዓመት በትከሻዬ ተሸክሜዋለሁ። ዛሬ ስልኬ ላይም ጫንኩት። ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ሰኔ 14

መርካቶ ዋልኩ። ወፍራም ሸራ ሁለት ሜትር፣ የማይበጠስ ክር፣ ባለ ሁለት ራስ ዚፕ ገዛሁ። ዘለበቶቹንና የማንገቻውን ማጥበቂያ ከምናለሽ ተራ አገኘኋቸው፤ ከአሮጌ የተራራ ቦርሳ የተፈቱ ናቸው፣ ግን አንዳቸውም አልተሰነጠቁም።

ልኬቱን ትናንት ማታ ካርቶን ቆርጬ አዘጋጅቼ ነበር። ቁመት 50፣ ወርድ 34፣ ውፍረት 20፤ ሲባዛ 34 ሊትር ይሆናል። የሚፈቀደውን ሁሉ ያልተጠቀምኩት ሆን ብዬ ነው። ለስላሳ ቦርሳ ሲሞላ ይነፋል፤ ልክ ላይ ከሰፋሁት ዕቃ ሲገባበት ያልፋል። ደግሞም ወደ ክፍለ ሀገር የሚበሩት ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 አውሮፕላኖች ከራስ በላይ ያለው የዕቃ ቦታቸው ጠባብ ነው። በትልቅ ጄት ላይ የሚገባ ሻንጣ እነሱ ላይ አይገባም። ቦርሳዬ ከፊቴ ካለው ወንበር ሥር መግባት መቻል አለባት።

ሰፊው አዛውንት ናቸው፤ የትምህርት ቤት ቦርሳ ሲሰፉ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ካርቶኑን አገላብጠው አዩትና "የኔ ልጅ፣ ይህ ቦርሳ አፉ የት ነው?" አሉኝ። ከላይ እንዲከፈት አልፈለግሁም። እንደ ሻንጣ ሦስቱን ጎን ዞሮ የሚከፈት ዚፕ ነው የፈለግሁት፤ ታች ያለውን ለማውጣት ላዩን ሁሉ መዘርገፍ አይኖርም። "እንዲህ ከሆነ ክብደቱን የሚይዘው ጀርባው ነው፤ ጀርባውን ድርብ እናደርገዋለን" አሉኝ። "እርስዎ ያውቃሉ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ሰኔ 22

የመጀመሪያዋ ቦርሳ ደረሰች። ስፌቷ ያኮራል። ባዶዋን 1 ኪሎ ከ450 ግራም ትመዝናለች። ከሻንጣው ግማሽ በታች ናት፤ እኔ ግን ከአንድ ኪሎ በታች አገኛለሁ ብዬ ነበር። ሸራው ወፍራም ነው፣ ገበሩም እሱ ራሱ ነው። ለጊዜው በዚህ እንሄዳለን።

ሐምሌ 3፣ ጂማ

የጂማ ሐምሌ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ከአውሮፕላኑ ደረጃ እስከ መንገደኞች ማስተናገጃው በር ባለው አጭር መንገድ ላይ ብቻ ዝናቡ ቦርሳዋን አራሳት። ሸራ ውኃ ይጠጣል። ሆቴል ደርሼ ስይዛት ክብደቷ ሌላ ሆኗል፤ ሸሚዞቹም በጠርዙ በኩል ረጥበዋል። ላፕቶፑን ያተረፈው የጠቀለልኩበት ፌስታል ነው።

ሐምሌ 4፣ ጂማ

የዛሬው ትምህርት ከቦርሳዋ ይበልጣል።

አሳቤ ቀላል ነበር፦ ትንሽ ልብስ ይዞ ማታ ማታ ማጠብ። ጂንሱን ትናንት ማታ በሁለት ሰዓት አጥቤ መታጠቢያ ቤት ሰቀልኩት። ጠዋት በ12 ሰዓት ስነካው ውኃው ወደ እግሩ ጫፍ ወርዶ ተጠራቅሟል እንጂ አልደረቀም። በሐምሌ የጂማ አየር ራሱ እርጥብ ነው፤ ልብሱ ውኃውን የሚሰጥበት ቦታ የለውም። ሌላውን ሱሪዬን ትናንት ጭቃ አግኝቶታል። እርጥቡን ለብሼ ሆስፒታል ገባሁና እስከ እኩለ ቀን ድረስ ጉልበቴ ሲቀዘቅዝ ዋለ። ልብስ እያጠቡ በቀላሉ መጓዝ ይቻላል የሚለው ምክር እውነት ነው፤ ነገር ግን ልብሱ ምን ዓይነት እንደሆነና አገሩ የት እንደሆነ ካልታወቀ ሰው ያሳምማል።

ማታ ሙከራ አደረግሁ። አንድ የጥጥ ሸሚዝ፣ አንድ ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበት ሸሚዝ፣ አንድ ጥንድ ካልሲ አጠብኩ። ከዚያ ነጠላዬን አልጋው ላይ ዘርግቼ ልብሶቹን በላዩ አነጠፍኩ፤ እንደ ምንጣፍ ጠቅልዬ ወለሉ ላይ አደረግሁና በባዶ እግሬ ቆምኩበት። ነጠላው ውኃውን ጠጣው። ሦስት ደቂቃ ያህል ረገጥኩት።

ሐምሌ 5

ጠዋት ቅልቅሉ ሸሚዝ ሙሉ በሙሉ ደርቋል። ጥጡ ብብቱና አንገትጌው አካባቢ እርጥበት ይዟል፤ በሆቴሉ ካውያ ጨረስኩት። ካልሲው ደረቀ። ነጠላው ራሱ፣ ስስ ስለሆነ፣ ከሁሉ ቀድሞ ደረቀ።

የወሰንኩት፦ ጂንስ ከእንግዲህ አብሮኝ አይበርም። በቦታው አንድ ጥቁር ሰማያዊ ስስ ሱሪ ለብሼ፣ ሌላ 400 ግራም የምትመዝን ይዤ እሄዳለሁ። ሸሚዝ ሁለት ይዤ አንድ እለብሳለሁ፣ ሦስቱም ቅልቅል። ቀለማቸው ሁሉ ከሁለቱም ሱሪ ጋር የሚሄድ ይሆናል፤ አንዱ ካልደረቀ የትኛውም በየትኛውም ይለበሳል። ፎጣው ይቅር። ነጠላው 300 ግራም ነው፣ ፎጣውን ይተካል። ነጩን ሳይሆን ግራጫ የተነከረውን፣ አቧራና ጭቃ የማያጋልጠውን ነው የምይዘው።

ሐምሌ 11

የእጅ መሣሪያው ነገር ተፈታ፤ መፍትሔውም ቦርሳዋ ውስጥ አይደለም።

ካቻቢቴና መፍቻ ይዞ ወደ አውሮፕላን መግባት ፈታሹን ማስቸገር ነው። ከዚህ ቀደም አንዲት አጭር ካቻቢቴ ከእጅ ቦርሳዬ ወጥታ ቀርታለች፤ ፈታሿ ትክክል ነበረች። በሌላ በኩል ከታች በሚጫን ሻንጣ ብልከው ወደ ሰኔው ችግር መመለሴ ነው። ስለዚህ በብዛት የምሄድባቸውን አምስት ላቦራቶሪዎች ኃላፊዎች በየተራ ደውዬ አነጋገርኩ። በየቦታው የሚቆለፍ ካቢኔ አለ። አምስት ስብስብ ገዛሁ፤ በየአንዳንዱ ውስጥ አራት ካቻቢቴ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ መቁረጫ፣ ኢንሱሌሽን ቴፕ አለ። አንድ አንዱን በየጉዞዬ አደርሳለሁ፤ ያን ጊዜ ብቻ ከታች ይጫናል። ከዚያ በኋላ አብሮኝ የሚበረው መልቲሜትሩ ብቻ ነው። በየዓመቱ ልኬቱ ተረጋግጦ የሚታደስለት እሱ ስለሆነ ከእኔ መለየት የለበትም።

በዚህ አንድ ውሳኔ 2.3 ኪሎ ወረደ። ደስ ያለኝ ግን ሌላው ነው፦ እኔ በሌለሁበት የላቦራቶሪው ባለሙያ የላላ ብሎን ራሱ ማጥበቅ ይችላል።

ሐምሌ 19

ሁለተኛዋ ቦርሳ። ለሰፊው የጂማውን ዝናብ ነገርኳቸው። ከድንኳን ናይሎን ሠራናት፤ ሸራው የቀረው ታቹ ላይና ማንገቻው የሚተከልበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ገበር የላትም። የስፌቱን ጠርዝ ሁሉ በቀጭን አቡጀዲ ጠቀለሉት፣ ናይሎን ከተቆረጠ ይተረተራልና። ባዶዋን 820 ግራም መዘነች። ሻወር ውስጥ ሰቅዬ ለአምስት ደቂቃ ውኃ ለቀቅሁባት። በዚፑ በኩል ጥቂት ጠብታ ገባ፤ ሰፊው በማግስቱ ዚፑን የሚሸፍን ምላስ ጨመሩበት።

በቀረው አቡጀዲ ሦስት ከረጢት እኔ ራሴ በእጄ ሰፋሁ፤ አንዱ ለታጠበ፣ አንዱ ላልታጠበ፣ አንዱ ለነጠላ ጫማ። እስከ ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራልኝ ፌስታል ነበር።

ነሐሴ 2፣ ሰመራ

ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ከአዲስ አበባ በ12 ሰዓት ተኩል ስነሳ ጉም ነበር፤ ሹራብ ለብሼ፣ ነጠላ ተከናንቤ ወጣሁ። እዚህ ስወርድ ሹራቡ ወደ ቦርሳዋ ገባ፣ ነጠላው ከፀሐይ መከለያ ሆነ። ወፍራሙን ሹራብ 400 ግራም በሚመዝን ቀይሬዋለሁ፤ ከነጠላው ጋር ሲደረብ ለአዲስ አበባ ነሐሴም ይበቃል። ጋቢው ቤት ቀርቷል። እናቴን ለማሳመን ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል።

ስለ ነጠላ ይህን ልበል። ዛሬ አንድ ቀን ውስጥ አውሮፕላን ላይ ብርድ ልብስ፣ መንገድ ላይ ሻሽ፣ ማታ ፎጣ፣ መስኮቱ መጋረጃ ስላልነበረው ሌሊት መጋረጃ ሆኖልኛል። ለጉዞ ተብሎ የተሠራ ብዙ ዕቃ አይቻለሁ፤ ይህን ሁሉ በ300 ግራም የሚሠራ አላየሁም።

ያጠብኩት ሸሚዝ በረንዳ ላይ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደረቀ። የጂማና የሰመራ ልዩነት ይህ ነው።

አንድ ጥብቅ ነገር። አውሮፕላኑ ሞልቶ ስለነበር ደረጃው ሥር የቆሙት ሠራተኞች የአንዳንዶቻችንን ቦርሳ ተቀብለው ከታች ጫኑት። የእኔም ተራ ደረሰ። ልሰጥ እጄን ስዘረጋ ፓወር ባንኩ ትዝ አለኝ። ፓወር ባንክ ከታች አይጫንም፤ የሊቲየም ባትሪ ሲቃጠል ሰው አጠገቡ ካለ ያጠፋዋል፣ ከታች ከሆነ ግን የሚያየው የለም። በጥር 2017 ደቡብ ኮሪያ ጊምሄ ኤርፖርት ላይ ለመነሳት ይጠባበቅ የነበረ የኤር ቡሳን አውሮፕላን በእሳት ሲወድም መርማሪዎች ምክንያቱ ከራስ በላይ ካለው የዕቃ ሳጥን ውስጥ የነበረ ፓወር ባንክ ሊሆን እንደሚችል ገልጸዋል። ሰዎቹ ሁሉ ወጡ፣ ተመስገን። የእኔው ፓወር ባንክ ቦርሳዬ ግርጌ፣ ከሱሪው ሥር ተቀብሮ ነበር። ሰው እያስጠበቅሁ መዘርገፍ ነበረብኝ።

ለሰፊው የሚነገር፦ ውጭ፣ በጀርባው በኩል ባለ ዚፕ ኪስ። ፓወር ባንክ፣ መታወቂያ፣ መድኃኒት። ቦርሳዋን ሲወስዱብኝ በአንድ እጅ የሚወጣ።

የእኔ ፓወር ባንክ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። በ3.7 ቮልት ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል 74 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ስለሆነ ችግር የለውም። ቁጥሩ የተፋቀበት ፓወር ባንክ ያላችሁ ግን ፈታሽ ፊት የምታሳዩት ነገር አይኖራችሁም።

ነሐሴ 20

ዛሬ ሙሉውን መዘንኩ። ቦርሳዋ ከአዲሱ ኪስ ጋር ያው 820፣ ላፕቶፑ ከአንድ ትንሽ ቻርጀር ጋር 1,750 (ስልኩንም የሚሞላው እሱ ነው)፣ ሱሪ 400፣ ሁለት ሸሚዝ 450፣ የውስጥ ልብስና ካልሲ 300፣ ነጠላ ጫማ 350፣ ነጠላ 300፣ ሹራብ 400፣ መልቲሜትር 400፣ ፓወር ባንክ 350፣ ሳሙናና ቅባት 350፣ ወረቀት 100። ጠቅላላው 5 ኪሎ ከ970 ግራም።

ሳሙናው ከ900 ወደ 350 የወረደው ፈሳሹን ሁሉ በደረቅ ሳሙና በመተካቴና ከጉዞ በፊት ጸጉሬን ሹሩባ በመሠራቴ ነው። ሹሩባ የሻምፑውን፣ የቅባቱንና የማበጠሪያውን ጣጣ በአንድ ጊዜ ይገላግላል።

ታዲያ አንድ ኪሎ ተረፈኝ። ምን እንደምጨምርበት አላሰብኩም፤ ለማን እንደሚሆን ግን አውቃለሁ። ስለ ቀላል ጉዞ የሚጽፉ ሰዎች ይህን አይነኩትም፤ እኛ ስንሄድ የሰው አደራ ይዘን ነው የምንሄደው። አክስቴ ጅግጅጋ ለሚኖረው ልጇ ሽሮ ትልካለች። የላቦራቶሪው ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ የሕፃን መድኃኒት ያስገዛኛል። እናቴም "ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም" ብላ ዳቦ ቆሎ ትቋጥራለች። ዕቃዬ አሥራ ሰባት ኪሎ በነበረበት ጊዜ ለእነዚህ ሁሉ "ቦታ የለኝም" እያልኩ ሰው አስቀይሜያለሁ። የራሴን ዕቃ ያቀለልኩት የሌላውን ላለመያዝ አይደለም። ይህቺ አንድ ኪሎ የአደራ ናት።

ሥርዓት ግን አወጣሁላት። የታሸገ አልቀበልም፤ ሰጪው ፊት ከፍቼ አይቼ፣ አብረን እንቋጥራለን። ኤርፖርት ላይ "ዕቃሽን ያዘጋጀሽው ራስሽ ነሽ?" ብለው ሲጠይቁኝ ያለ ፍርሃት "አዎ" ማለት እፈልጋለሁ። አክስቴ መጀመሪያ ከፋት። ምክንያቱን ስነግራት "እውነትሽን ነው፣ ዘመኑ እንዲህ ነው" አለችና ራሷ ፈታችው። ከአንድ ኪሎ የሚበልጠው፣ ለምሳሌ ከጂማ የማመጣው ቡና፣ ስመለስ በጨርቅ ዘንቢል ከታች ይጫናል። ሲመለሱ ቢዘገይ ማሽን አይቆምበትም።

መስከረም 24 ቀን 2018፣ ናይሮቢ

ለአራት ቀን ሥልጠና መጥቻለሁ። የመጀመሪያው የውጭ ጉዞ በዚህች ቦርሳ።

ከመነሳቴ በፊት ፌስታል እንዳይኖር ሁለት ጊዜ ፈተሽኩ። ኬንያ ከ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች። አብራኝ የመጣችው ባልደረባዬ ጫማዋን በፌስታል ጠቅልላ ነበር፤ ቦሌ ላይ ከአቡጀዲ ከረጢቶቼ አንዱን ሰጠኋት።

በፍተሻው ላይ ያሳዘነኝ የአንድ ሽማግሌ ነገር ነው። ለልጃቸው ማር ይዘው ነበር፣ በግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ዕቃ። ማርም፣ ቅቤም እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ አይገባም። ሕጉ የመጣው በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለንደን ላይ ፈሳሽ ፈንጂ ወደ አውሮፕላን ሊያስገቡ ያሴሩ ሰዎች ከተያዙ በኋላ ነው። ሽማግሌው ይህን ማን ነግሯቸው? "ከገዛ ቀፎዬ የቆረጥኩት ነው" ይሉ ነበር። ወላጆቻችሁን ስትሸኙ ከቤት ሳይወጡ ማሩን ከታች በሚጫነው ውስጥ አስገቡላቸው፤ በልብስ ጠቅልላችሁ፣ ክዳኑን አሽጋችሁ።

የኬንያ ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ያለው ነው፤ የእኛ ባለ ሁለት ክብ እግር አይገባበትም። መቀየሪያ አልያዝኩም ነበር። 60 ግራም ነው የሚመዝነው፤ ለውጭ ጉዞ ዝርዝሩ ላይ ገባ።

ጥቅምት 15

ትናንት ማታ ከጋምቤላ ስመለስ ቦሌ መውጫው ላይ የግራ ማንገቻው ከላይ ተነቀለ። ቦርሳዋ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ላፕቶፑ በነጠላው መሀል ስለነበር ምንም አልሆነም። ስፌቱን ሳየው ክሩ አልተበጠሰም፤ ናይሎኑ ነው የተቀደደው። የሸራው ድጋፍ የተሰፋው ከውጭ ብቻ ነበር፣ ከውስጥ የሚይዘው ነገር የለም።

ዛሬ ወስጄ ለሰፊው አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ በጣታቸው ሲዳስሱት ቆዩና "ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ ልጄ" አሉ። እኔ ደግሞ ስንጀምር ክብደት አይጨምር ብዬ የውስጡን ሸራ ያስቀረሁት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ከውስጥም ከውጭም መዳፍ የሚያህል ሸራ አድርገው፣ አራት ማዕዘን ሰፍተው፣ መሀሉን በመስቀል ቅርጽ ሁለት ጊዜ መለሱበት። የቀኙንም እንዲሁ። 40 ግራም ጨመረ።

ሱቃቸው ውስጥ የመጠጥ ውኃ ጀሪካን ነበር፣ ባለ ሃያ ሊትር፣ ግማሹ ድረስ የሞላ። ቦርሳዋ ውስጥ አቆሙትና በአንድ ማንገቻ ብቻ ሚስማር ላይ ሰቀሏት። ሻይ አስመጡ። ሻዩን ጠጥተን እስክንጨርስ ተንጠልጥላ ቆየች፤ ከዚያ አወረዷትና ስፌቱን መስኮቱ ጋ ወስደው አዩት። አልተንቀሳቀሰም። የባልደረባዬን ልኬት ሰጠኋቸው፤ እሷ ቁመቷ አጠር ስለሚል የእሷን 46 ሴንቲሜትር አድርገን እንቆርጣለን ተባባልን፣ የጀርባው ኪስ በቀኝ በኩል የሚከፈት ይሁን ሲሉ ግን፣ ግራኝ ናትና በግራ ይሁን ብዬ አረምኩ። ካርቶኑን ነገ ጠዋት አመጣለሁ።